ምስሉ ከመድረሱ በፊት፦ ዜና ሰላም አስከባሪ ጦርን እንዴት ያዘምታል፣ እንዴትስ ያስወጣል?

ዲሴምበር 9 ቀን 1992 ገና ሳይነጋ የአሜሪካ ልዩ ወታደሮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ከባሕር ወደ ሞቃዲሾ ዳርቻ ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ተኩስ አልገጠማቸውም። የገጠማቸው የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች መብራት ነበር፤ ካሜራዎቹ ቀድመው ደርሰው አሸዋው ላይ ቦታ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ከአሥር ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 1993፣ በዚያችው ከተማ የተገደለ አሜሪካዊ ወታደር አስከሬን መንገድ ለመንገድ ሲጎተት ዓለም አየ። ቀናት ሳይቆዩ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጦራቸው የሚወጣበትን ቀን ቆረጡ።

ከነዚህ ሁለት ትዕይንቶች አንድ አጭር ታሪክ ተወለደ፦ ምስል አስገባቸው፣ ምስል አስወጣቸው። ታሪኩ ትልልቅ ሰዎችን ሳይቀር አሳምኗል። አንጋፋው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን ወታደሮቹ ሞቃዲሾ በገቡበት ዕለት በግል ማስታወሻቸው ያሰፈሩትን ስጋት በሴፕቴምበር 1993 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ አውጥተውታል። ጦር የማዝመት ውሳኔ ቴሌቪዥን በሚቀሰቅሰው ስሜት መመራት ከጀመረ መንግሥት ረጋ ብሎ የሚያመዛዝንበት ቦታ ምን ሊቀር ነው የሚል ስጋት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊም ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ የዜና ጣቢያ 15 አባላት ያሉት የጸጥታው ምክር ቤት 16ኛ አባል ነው ማለታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀስላቸዋል። "የሲኤንኤን ተጽዕኖ" የሚባለው አነጋገር የተለመደው በነዚያ ዓመታት ነው።

እኔ ይህን ታሪክ እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። ዜና የውጭ ፖሊሲን አይነካም ማለቴ አይደለም፤ ይነካል። የሚነካው ግን ብዙዎቻችን በምናስበው ሰዓትና በምናስበው መንገድ አይደለም። ካሜራ የተቆለፈ በር ሰብሮ አያውቅም፤ ገርበብ ያለውን ግን ይበረግደዋል። አንድ ምስል ጦር አዘመተ ሲባል የምስሉን አሰቃቂነት ከመለካት በፊት ምስሉ በደረሰበት ሰዓት መንግሥታቱ ሳይቆርጡ ያንጠለጠሉት ውሳኔ ምን እንደነበር መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ለሰላም አስከባሪ ወታደሮች የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው እሱ ነው። በአንድ ምስልና በሚቀጥለው ምስል መካከል፣ ማንም በማያይበት ጊዜ፣ ምን ተወሰነ?

ሶማሊያ፦ ማን ቀደመ?

የቀኖቹን ቅደም ተከተል እንመልከት። ሲያድ ባሬ ከሥልጣን የተባረሩት በጃንዋሪ 1991 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የጄኔራል ሞሐመድ ፋራህ አይዲድና የአሊ ማህዲ ሞሐመድ ታጣቂዎች ሞቃዲሾን ለሁለት ከፍለው በከባድ መሣሪያ ይደባደቡ ጀመር። በ1992 መጀመሪያ ረሃቡ የለየለት ነበር። የቀይ መስቀልና የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ይጮሃሉ፤ ሰሚ ግን የለም፤ ካሜራም የለም በሚባል ደረጃ ነበር። በአፕሪል የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 751 ያልታጠቁ 50 ታዛቢዎች እንዲሄዱ ፈቀደ። በጁላይ በኬንያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ስሚዝ ሄምፕስቶን ድንበር ላይ ያሉትን ሶማሊያውያን ስደተኞች አይተው "አንድ ቀን በሲኦል" የሚል ርዕስ የሰጡትን ቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ላኩ፤ ቴሌግራሙ የያኔው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ቡሽ አባትየው እጅ ገባ። ሴናተር ናንሲ ካሰባምም ሶማሊያ ድረስ ሄደው ያዩትን ለምክር ቤታቸው ተናገሩ። በኦገስት አጋማሽ ቡሽ ምግብ በአውሮፕላን እንዲጓጓዝ አዘዙ።

የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ስለ ሶማሊያ በብዛት መዘገብ የጀመሩት ከዚህ ትዕዛዝ በኋላ ነው። ስቲቨን ሊቪንግስተንና ቶድ ኢቸስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ባወጡት ጥናት ሽፋኑንና የባለሥልጣናቱን እርምጃ በየቀኑ አስተያይተው የደረሱበት ይህ ነው፤ ካሜራው መሪ ሳይሆን ተከታይ ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አውሮፕላኖቹ ከሞምባሳ መመላለስ ሲጀምሩ ጋዜጠኛው አብሮ የሚሳፈርበት አገኘ፤ የሩቅ አገር ረሃብ የነበረውም የአሜሪካ ጦር ስላለበት የአሜሪካ ዜና ሆነ። ለካሜራው መንገድ የጠረገለት መንግሥት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ በሱዳን ደቡባዊ ክፍል ሕዝብ በጦርነትና በረሃብ እያለቀ ነበር። በማርች 1993 በረሃብ አቅሙ የተሟጠጠ ሕፃንና ከጀርባው የቆመ ጥንብ አንሳ የሚታዩበት ፎቶ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ዓለም አለቀሰ፤ ፎቶው በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አንድ ሻለቃ ጦር እንኳ ግን አልተንቀሳቀሰም። በምስል ኃይል ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ያ ፎቶ ከሶማሊያው ምስል የሚያንስበት አንዳችም ነገር አልነበረውም። ልዩነቱ ዋሽንግተን ውስጥ ስለ ሱዳን በእንጥልጥል ያለ ውሳኔ አለመኖሩ ነው።

ስለ ሶማሊያ ግን ነበር። ቡሽ በኖቬምበር ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን ሊያስረክቡ ሳምንታት ቀርቷቸዋል። ቦስኒያ ሲነድ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጣችሁ የሚለው ወቀሳ ከየአቅጣጫው ይወርድባቸዋል። ከቦስኒያ ተራሮች ጋር ሲተያይ ሶማሊያ ለጦር አዛዦቹ የሚቻል ሥራ መሰለ። የጸጥታው ምክር ቤት ዲሴምበር 3 ቀን ውሳኔ ቁጥር 794ን አጸደቀ፤ በአሜሪካ የተመራው ጥምር ኃይል በከፍተኛው ጊዜ ወደ 37,000 ደረሰ። ዘመቻው እንዲጀመር በቴሌግራማቸው ከገፋፉት አንዱ የነበሩት ሄምፕስቶን እንኳ ወታደር የመላኩን ሐሳብ ሲሰሙ "ቤሩትን ከወደዳችኋት ሞቃዲሾን ታፈቅሯታላችሁ" ብለው አስጠነቀቁ። በ1983 ቤሩት ውስጥ በአንድ ፍንዳታ 241 አሜሪካውያን ወታደሮች ማለቃቸውን ማስታወሳቸው ነበር።

በሁለቱ ምስሎች መካከል

ስለ ሶማሊያ ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘለለው ክፍል ከሁሉም በላይ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል።

የተራበ ሕፃን ምስል ሁለት ነገር ይነግራል፤ ችግሩ ረሃብ ነው፣ መፍትሔውም እህል ነው። ማን ተኮሰ? እህሉን ማን ዘረፈው? ወደቡን የያዘው የማን ታጣቂ ነው? ምስሉ ለነዚህ መልስ የለውም። የተላከው ጦር ሥራም በዚሁ ልክ ተሰፋ፤ የዕርዳታ መኪና ማጀብ፣ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ መጠበቅ። ያ ሥራ በአመዛኙ ተሳካ። እህል ደረሰ፤ ሰው ከሞት ተረፈ። ተሳካ ሲባል ጋዜጠኛውም ሻንጣውን አዘጋጀ። በ1993 የመጀመሪያ ወራት ሞቃዲሾ ከዜና ርዕሶች እየወረደች ሄደች።

ሁሉም ነገር የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። በማርች የጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 814 ዩኖሶም ሁለት ለተባለው አዲስ ተልዕኮ ታጣቂዎችን ትጥቅ የማስፈታትና አገር መልሶ የማቆም ኃላፊነት ሰጠው። በሜይ መጀመሪያ አሜሪካ አብዛኛውን ጦሯን አስወጥታ ሥራውን ለተባበሩት መንግሥታት አስረከበች። ኃላፊነቱ ሲሰፋ ጉልበቱ ቀነሰ። ይህ ትልቅ የፖሊሲ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን የሚታይ ነገር አልነበረውም። አንድ ውሳኔ ሲጸድቅ የሚቀረጸው እጅ የሚያወጡ ዲፕሎማቶች ብቻ ናቸው።

ጁን 5 ቀን የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች የመሣሪያ ማከማቻዎችን ሊፈትሹ ወጡ። ከማከማቻዎቹ አንዱ የሚገኘው አይዲድ በሚቆጣጠሩት የሬዲዮ ሞቃዲሾ ጣቢያ ነበር። ወሬው ሬዲዮኑን ሊዘጉ መጡ ተብሎ ተናፈሰ። በዕለቱ 24 የፓኪስታን ወታደሮች ተገደሉ። ስለ ሚዲያና ጦርነት ሲጻፍ ሁልጊዜ የአትላንታው ሲኤንኤንና የለንደኑ ቢቢሲ ይነሳሉ፤ ተልዕኮውን ወደ ጦርነት የለወጠው ቀን ግን ከአንድ የአገሬው ሬዲዮ ጋር የተያያዘ ነበር። በማግስቱ ምክር ቤቱ ጥፋተኞቹ ተይዘው ለፍርድ እንዲቀርቡ የሚፈቅደውን ውሳኔ ቁጥር 837 አወጣ፤ እህል ሊያጅብ የሄደውም ኃይል አንድ የጦር አበጋዝ አሳዳጅ ሆነ። ጁላይ 12 ቀን ሄሊኮፕተሮች የአይዲድ ደጋፊዎች የተሰበሰቡበትን ቤት ደብድበው ብዙ ሰው ገደሉ። የሆነውን ሊቀርጹ ወደ ቦታው የሮጡ አራት ጋዜጠኞችን የተቆጣው ሕዝብ ገደላቸው። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ የውጭ ዜና ድርጅቶች ሰዎቻቸውን አስወጡ።

የኦክቶበር 3 እና 4 ውጊያ ሲነሳ እንግዲህ ከተማው ውስጥ የቀረው ካሜራ ጥቂት ነበር። ያ አስከሬን ሲጎተት የሚታይበትን ፎቶ ያነሳው ለአንድ የካናዳ ጋዜጣ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነው። ቪዲዮውን የቀረጸው ደግሞ ለዜና ወኪል ሾፌር ሆኖ ይሠራ የነበረና ትንሽ ካሜራ የተተወለት ሶማሊያዊ ነው። ውጊያው 18 አሜሪካውያንን ገድሏል፤ የሞቱት ሶማሊያውያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ የነሱን አስከሬን ግን ዓለም አላየም። የአሜሪካ ሕዝብ በአእምሮው ይዞት የነበረው የመጨረሻ ምስል ወታደር ለሕፃን እህል ሲሰጥ ነበርና አሁን ያየው እንደ ዱብ ዕዳ ወረደበት። ቁጣው ከምን መጣ ብለን ስንጠይቅ የምስሉን ጭካኔ ብቻ አንቁጠር። በመካከሉ ስላለፉት ወራት ማንም ያስረዳው አልነበረም።

ምስሉ የመውጣትን ሐሳብ የፈጠረው ነው ማለትም አይቻልም። ሴኔቱ ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር ክሊንተን የዘመቻውን ግብ እንዲያስረዱና የምክር ቤቱን ፈቃድ እንዲጠይቁ ገፋፍቶ ነበር፤ አስተዳደሩም መውጫ ይፈልግ ነበር። ምስሉ ያደረገው መውጫውን ማፋጠንና ቀን መቁረጥ ነው። ክሊንተን ኦክቶበር 7 ቀን ለጊዜው ተጨማሪ ጦር ልከው እስከ ማርች 31 ቀን 1994 ግን ሁሉም እንደሚወጣ አስታወቁ። የምስሉ ጥላ ከሶማሊያም አልፎ ሄደ። ንግግሩ በተደረገ በአራተኛው ቀን ሁለት መቶ ያህል አሜሪካውያንና ካናዳውያን ወታደሮችን ይዛ ሄይቲ ፖርቶፕሪንስ የደረሰችው "ሃርላን ካውንቲ" የተባለች መርከብ ወደቡ ላይ ሌላ ሶማሊያ ይጠብቃችኋል እያሉ የሚጮሁ ሰዎች ገጥመዋት ሳታራግፍ ተመለሰች። እዚያ ወደብ የተሰበሰቡት ሰዎች የሞቃዲሾው ምስል ዋሽንግተንን ምን ያህል እንዳስደነገጣት ገብቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም አስከባሪን ማባረር የሚፈልግ ታጣቂ ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ጥቂት ወታደር ግደል፣ ምስሉን አሳይ፣ የላኳቸው ይጠሯቸዋል።

ርዋንዳ

ስሌቱን ወዲያው የተጠቀሙበት የርዋንዳ ገዳዮች ናቸው። የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ኤፕሪል 6 ቀን 1994 ተመትቶ በወደቀ ማግስት አሥር የቤልጂየም ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ፤ ቤልጂየም ጦሯን አስወጣች። ኤፕሪል 21 ቀን፣ በቱትሲዎች ላይ የተከፈተው የጅምላ ግድያ በጋለበት ሳምንት፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 912 ከ2,000 በላይ የነበረው ኃይል ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። አዛዡ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ጨምሩልኝ እያሉ ሲለምኑ ነው ይህ የሆነው።

በነዚያ ሳምንታት ከርዋንዳ የወጣው ምስል እጅግ ጥቂት ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲገደል የሚታይበት ቪዲዮ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከነሱ አንዱ የተቀረጸው ኪጋሊ ካለ ትምህርት ቤት ፎቅ ላይ፣ ከሩቅ ነው። አፍሪካ ላይ የነበሩት የውጭ ጋዜጠኞች ብዙዎቹ የማንዴላን ምርጫ ሊዘግቡ ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የምዕራባውያን ካሜራ በሌለበት ግን ሌላ ሚዲያ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ አርቲኤልኤም የተባለው የጥላቻ ሬዲዮ ገዳዮችን ያበረታታ፣ የሚፈለጉ ሰዎችን ስም ይጠራ ነበር። አሜሪካ ሥርጭቱን እንድታፍን ቢጠየቅም ፔንታገን ወጪውንና የሕግ ጉዳይን አንስቶ አልደገፈውም። ሜይ 3 ቀን ደግሞ ክሊንተን በሰላም ማስከበር ላይ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጠውን መመሪያ ፈረሙ። መመሪያው የሶማሊያ ልጅ ነው። በመቶ ቀናት ውስጥ ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

በጁላይ የተሸነፈው መንግሥት ሰዎችና ከነሱ ጋር የሸሸው ሕዝብ ወደ ጎማ፣ ያኔ ዛየር ወደምትባለው አገር፣ ጎረፈ። እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ጋዜጠኛ በሰላም ያድራል፤ የሳተላይት ዲሽ ይተከላል። ኮሌራ ሲገባ ዓለም በቀጥታ አየ። የአሜሪካ ጦር ውሃ ማጣሪያና መድኃኒት ጭኖ በቀናት ውስጥ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ምስሉ የሚያሳየው ተጎጂ ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚያ ስደተኛ መካከል ገዳዮቹ ከነመሣሪያቸውና ከነአደረጃጀታቸው ተቀምጠው የዕርዳታውን እህል ያስተዳድሩ ነበር። ካምፖቹን ከታጣቂ የሚያጸዳ ኃይል ማንም አልላከም። በ1996 ኮንጎን ያጥለቀለቀው ጦርነት የተነሳው ከዚያ ነው።

አንድ ገበያ፣ ሁለት ውሳኔ

በቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ውስጥ ማርካሌ የሚባል ገበያ አለ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1994 አንድ የሞርታር ጥይት ወድቆበት 68 ሰው ገደለ። ኦገስት 28 ቀን 1995 እዚያው አካባቢ 43 ሰው ተገደለ። ከተማው ያው፣ ገዳዩ መሣሪያ ያው፣ ደም የለበሰው አስፋልት ያው። የመጀመሪያው ምስል ያመጣው ኔቶ ከተማውን ለከበቡት የቦስኒያ ሰርብ ታጣቂዎች የሰጠው፣ ከባድ መሣሪያችሁን በአሥር ቀን ውስጥ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር አርቁ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ለጊዜው ሠራ፤ ከበባው ግን ቀጠለ። ሁለተኛው ምስል በሁለት ቀን ውስጥ ሳምንታት የፈጀ የአየር ድብደባ አስከተለ፤ በኖቬምበር ተዋጊዎቹ አሜሪካ ዴይተን ከተማ ላይ ተስማሙ።

ምን ተለየ? በሜይ 1995 የቦስኒያ ሰርቦች ከ300 በላይ ሰላም አስከባሪዎችን አግተው ጥቂቶቹን ከምሰሶ ጋር በካቴና አስረው ለቴሌቪዥን አሳዩ። ያ ምስል የፓሪስንና የለንደንን መሪዎች አዋርዷል፤ ወታደሮቻቸው ተበትነው እስካሉ ድረስ የአየር ድብደባ የማይታሰብ መሆኑንም አስተማራቸው። በጁላይ ስሬብሬኒትሳ ወደቀች። የተባበሩት መንግሥታት የተጠበቀች ናት ባላት ከተማ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ወንድ ልጆች ሲረሸኑ አንድም የውጭ ካሜራ አልነበረም፤ ኦገስት 10 ቀን የአሜሪካ አምባሳደር ማድሊን ኦልብራይት ለጸጥታው ምክር ቤት ከአየር የተነሱ የጅምላ መቃብር ምስሎችን አሳዩ። ከዚያ በፊት ጁላይ 21 ቀን ለንደን ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት የሚቀጥለው ጥቃት በከባድ ድብደባ እንደሚመለስ ተስማምተው፣ ለአፀፋ የተጋለጡ ወታደሮችን ከየቦታው ማስወጣት ጀምረው ነበር። ሁለተኛው የማርካሌ ምስል የደረሰው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። መነሻ ሆነ እንጂ ምክንያት አልሆነም።

የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ኒክ ጋዊንግ በ1994 ባለሥልጣናትን አነጋግሮ የጻፈው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ምስል መንግሥታትን ለጊዜያዊና ለይምሰል እርምጃ ያጣድፋቸዋል፣ ስትራቴጂያቸውን ግን ብዙም አይለውጥም። ላንስ ቤኔት የተባሉት ምሁር ደግሞ ጋዜጠኞች የሚያነሱት የአስተያየት ስፋት በባለሥልጣናቱ መካከል ካለው ክርክር ስፋት ብዙም እንደማያልፍ አሳይተዋል። ሹማምንቱ ሲስማሙ ዜናው ይስማማል፤ ሲጣሉ ዜናው ይከፈታል።

ሶሪያን ለአብነት ማየት ይቻላል። በኦገስት 2013 ደማስቆ አጠገብ ባለችው ጉታ ላይ በኬሚካል መሣሪያ የታፈኑ ሕፃናትን ምስል ዓለም ሁሉ አየ። ሆኖም የብሪታንያ ፓርላማ 285 ለ272 በሆነ ድምፅ ጥቃት መሰንዘርን ውድቅ አደረገ፤ ኦባማም ጉዳዩን ወደ ኮንግረስ መልሰው ሳይተኩሱ ቀሩ። በኤፕሪል 2017 ከሶሪያዋ ከተማ ከኻን ሼይኹን የመጣው ተመሳሳይ ምስል ዶናልድ ትራምፕን በቀናት ውስጥ 59 ሚሳይል አስተኮሳቸው፤ የሕፃናቱ ምስል አቋሜን ለውጦታል አሉ። በማግስቱ ጦርነቱ እንደነበረው ቀጠለ።

ምስል እንዳይወጣ ማድረግ ታዲያ ከጦር መሣሪያዎች እንደ አንዱ ቢቆጠር አይደንቅም። በትግራይ ጦርነት ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ጋዜጠኛ እንደልቡ መግባት ሳይችል ቆይቷል። እስራኤል ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የውጭ ጋዜጠኞች በራሳቸው ጋዛ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ምስሉ የወጣው በብዛት እየተገደሉ በሠሩት ፍልስጥኤማውያን ጋዜጠኞች ነው።

የሚሞተው የማን ልጅ ነው?

እስካሁን ያነሳኋቸው ጥናቶች ሁሉ አንድ ጉድለት አለባቸው፤ የሚያጠኑት ዋሽንግተንና ለንደን የሚያዩትን ቴሌቪዥን ነው። ዛሬ ሰማያዊ መለዮ የሚያደርገው ወታደር ግን በአብዛኛው የኔፓል፣ የባንግላዴሽ፣ የሕንድ፣ የርዋንዳ፣ የፓኪስታን ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያም ለዓመታት ከዋነኞቹ ላኪዎች አንዷ ነበረች። ፓኪስታን 24 ወታደሮቿን በአንድ ቀን አጥታ ሶማሊያ ውስጥ እስከ 1995 ቆይታለች። ቤልጂየም አሥር አጥታ ወጣች። ዓለም የሚያስታውሰው 18ቱን አሜሪካውያን ነው። በዲሴምበር 2017 ምሥራቅ ኮንጎ ሴሙሊኪ ላይ ቢያንስ 14 የታንዛኒያ ሰላም አስከባሪዎች በአንድ ምሽት ሲገደሉ ስንቱ የዓለም ጣቢያ ነው ከአንድ ቀን በላይ ያነሳው? ይህ ዝምታ በውሳኔ ላይ የራሱ ውጤት አለው። የሚሞተው ወታደር ዜና ካልሆነ፣ ተልዕኮው ከአቅሙ በላይ ሥራ እንደተሸከመ ለገንዘብ ሰጪዎቹ አገራት ሕዝብ የሚነግረው የለም። ሥልጣኑ ወረቀት ላይ ይሰፋል፤ ሄሊኮፕተሩና የሕክምና ማመላለሻው ግን ሳይመጣ ይቀራል።

አልፎ አልፎ ዜና ጥርስ ያለው ውሳኔ ያመጣል። በኖቬምበር 2012 ኤም23 የተባለው የኮንጎ አማጺ ቡድን ጎማን ሲይዝ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ቆመው ሲያዩ መታየታቸው ትልቅ ኀፍረት ነበር። በማርች 2013 ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 2098 የደቡብ አፍሪካ፣ የታንዛኒያና የማላዊ ወታደሮች ያሉበትን የማጥቃት ሥልጣን ያለው ብርጌድ አቋቋመ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኤም23 ተሸነፈ። እዚህም ላይ የክልሉ አገራት የራሳቸውን ጦር ስለመላክ ከጎማ መውደቅ በፊት ጀምረው ይነጋገሩ ነበር።

አሁን ደግሞ ወሳኙ ተመልካች ሌላ ሆኗል፤ ተልዕኮው ያለበት አገር ሕዝብ ነው። በጁላይ 2022 ጎማና ቡቴምቦ ላይ ሕዝቡ በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ላይ ተነስቶ ሰላም አስከባሪዎችን ጨምሮ ብዙ ሰው ሞተ። ቁጣው እውነተኛ መሠረት ነበረው፤ ሃያ ዓመት ተቀምጣችሁ አላዳናችሁንም የሚል ነበር። በስልክ የሚዛመት ወሬ ደግሞ አቀጣጠለው። ማሊ በማርች 2022 የፈረንሳይ ጣቢያዎች የሆኑትን አርኤፍአይንና ፍራንስ 24ን ዘጋች፤ በጁን 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሳይዘገይ ይውጣልኝ አለች፤ በዲሴምበር መጨረሻ ወጣ። ያለ አገሩ ፈቃድ የሚቆም ሰላም አስከባሪ የለም፤ ፈቃዱም የሚገነባውና የሚፈርሰው በአገሬው ቋንቋ በሚሰማ ዜና ነው። ዳሌር ኪጋሊ ውስጥ የራሳቸው ሬዲዮ አልነበራቸውም። ኮንጎ ውስጥ በ2002 የተጀመረው ሬዲዮ ኦካፒ በሕዝቡ ቋንቋዎች ዜና ማቅረቡ ተልዕኮው ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ሕዝብ ያመነው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለማቋቋም ከአንድ ሻለቃ ጦር ያነሰ ገንዘብ ይበቃል፤ ሆኖም ተልዕኮ ሲቀረጽ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታሰበው እሱ ነው።

ኤል ፋሸር

በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የሱዳን አስተባባሪ የነበሩት ሙኬሽ ካፒላ በምዕራብ ሱዳኗ ዳርፉር ስለሚፈጸመው ግድያ ለቢቢሲ ሲናገሩ ከርዋንዳ ጋር አነጻጸሩት። ወቅቱ የርዋንዳ እልቂት አሥረኛ ዓመት የሚታሰብበት ነበርና ንግግሩ ሰሚ አገኘ። ካሜራ ገባ፤ ሰልፍ ተወጣ፤ ታዋቂ ሰዎች ተንቀሳቀሱ። በጁላይ 2007 ምክር ቤቱ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በጥምር የሚመራውን ዩናሚድ አቋቋመ፤ የተፈቀደለት 19,555 ወታደርና ከ6,000 በላይ ፖሊስ ነበር። ዋና መምሪያው በሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ በኤል ፋሸር ላይ ተተከለ። ተልዕኮው ድክመቱ ብዙ ነበር፤ የሱዳን መንግሥት እንቅስቃሴውን ያግደው ነበር፤ ሰዎችን መከላከል ሲገባው ያልተከላከለበት ቀንም አለ። በተፈናቃዮች ካምፖች ዙሪያ የሚቃኝ ኃይል መሆኑ ግን ለተፈናቃዮቹ ትርጉም ነበረው፤ ሊዘጋ ነው ሲባል በካምፖቹ ተቃውሞ ተሰምቷል።

የመዝጊያው ውሳኔ የጸደቀው ዲሴምበር 22 ቀን 2020 ነው። ዓለም በወረርሽኙና በአሜሪካ ምርጫ ማግሥት ተጠምዷል፤ ዳርፉር ከዜና ከወጣ ቆይቷል፤ አልበሽር ወርደው ሱዳን በሽግግር ላይ ስለነበረች ገንዘብ ለመቀነስ የሚፈልጉ አገራት ምክንያት አላገኘንም አይሉም። ውሳኔው ያለ ብዙ ወሬ አለፈ። የተልዕኮው ሥልጣን ዲሴምበር 31 አበቃ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ምዕራብ ዳርፉር ኤል ጀኒና ላይ ከ100 በላይ ሰው ተገደለ።

በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በተባለው ታጣቂ ቡድን መካከል ጦርነት ካርቱም ላይ ተነሳ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ጦርነቱ እየነደደ፣ ሱዳን ውስጥ የቀረው የተባበሩት መንግሥታት የፖለቲካ ተልዕኮም በአገሪቱ ባለሥልጣናት ጥያቄ ተዘጋ። በጁን 2024 ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 2736 የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ የኤል ፋሸርን ከበባ እንዲያቆም ጠየቀ፤ ውሳኔውን የሚያስፈጽም አንድም ወታደር አብሮት አልተላከም። ከተማዋ በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወደቀች። በዚህ ጊዜ የምስል እጥረት አልነበረም። ገዳዮቹ ራሳቸው በስልካቸው ቀርጸው ለጠፉት፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሬት ላይ የሚታየውን ደም ከሳተላይት አሳዩ። የዓለም ጣቢያዎች ለቀናት ዘገቡ፤ መንግሥታትም አወገዙ።

ያ ሁሉ ምስል የሚገፋው ውሳኔ ግን አልነበረም። የሚጠናከር ጦር የለም፤ ሥልጣኑ የሚሰፋ ተልዕኮ የለም፤ ወታደር ሊልክ የተዘጋጀ አገር የለም። ኤል ፋሸር ላይ ዋና መምሪያ የነበረው ኃይል ከተፈታ ወደ አምስት ዓመት ሊጠጋው ነበር፤ በተፈታበት ሳምንት ስለ ጉዳዩ የዘገበው ጋዜጠኛ ጥቂት ነበር። የሰላም ማስከበር ተልዕኮዎች አብዛኛውን ጊዜ በዓመት በዓመት ይታደሳሉ፤ የሚታደሱበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በጀታቸው ኒውዮርክ ላይ በጠቅላላ ጉባኤው አምስተኛ ኮሚቴ ይመረመራል። ረቂቁ ላይ ክርክር የሚደረገውም ከዕለቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። አዘጋጅ ብሆን ጦርነት ዘጋቢ ከምልክበት ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሼ እዚያ ኮሚቴ በር ላይ አንድ ሰው አስቀምጥ ነበር።